ደረሰኝ ፈቃድ አይሆንም፦ በቬትናም ተራራ ላይ የደረሰ የአንድ ሞተር አደጋ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ ፋይል አሁን እኔ ጋ ነው። የኢንሹራንሱ ውል፣ የሁለት ሆስፒታሎች ሂሳብ፣ በቬትናምኛ የተጻፈ የፖሊስ ቃለ ጉባኤ ከነትርጉሙ፣ በስልክ ፎቶ የተነሳ የሞተር ኪራይ ውል። ከሁሉም በላይ ነገሩን የቋጨችው ግን አንዲት የቅጣት ደረሰኝ ናት። የተከፈለባት 3 ሚሊዮን ዶንግ (የቬትናም ገንዘብ) ነው። ቀኗ ከአደጋው ቀን በአንድ ቀን ይቀድማል።

ባለጉዳዩ የአክስቴ ልጅ ነው። ዕድሜው 31፣ ኑሮው አውስትራሊያ፣ ሥራው በቫን ዕቃ ማድረስ። መኪና መንዳት ከጀመረ 9 ዓመት አልፎታል፤ በእነዚህ ዓመታት አንድ ጥፋት አልተመዘገበበትም። ስሙን አልጽፍም፤ ታሪኩን እንዳወጣው የፈቀደልኝም በዚህ ስምምነት ነው። የሕግ ሰው አይደለሁም። እሱ ሃኖይ እግሩ ታስሮ ተኝቶ ሳለ ኢሜይል የሚጽፍለትና የውሉን ጥቃቅን ፊደል የሚያነብለት ሰው ቸገረው፤ የገባሁበት በዚያ በኩል ነው። ቆይቶ ግን ጉዳዩ ራሱ ይዞኝ ቀረ። በየደረጃው ሰው እየጠየቀ፣ ወረቀት እያወጣ የሄደ ጠንቃቃ ሰው እንዴት ሆኖ በመጨረሻ በየትኛውም ወገን ፈቃድ የሌለው ሆኖ ተገኘ?

ከመነሳቱ በፊት

እንዲህ ያለ ታሪክ ስንሰማ አፋችን ላይ የሚመጣው “ታዲያ ያለ ፈቃድ ማን ንዳ አለው?” የሚለው ነው። እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይህንኑ ነበር። ወረቀቶቹን ሳገላብጥ ግን ዝም አልኩ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ከአሽከርካሪዎች ማኅበር ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ አውጥቷል። የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዛ “ሞተር ብስክሌት እነዳለሁ” የሚለውን መርጦ ተጨማሪ ከፍሏል። ሞተር የሚያከራየውን ቤት ደግሞ አስቀድሞ በጽሑፍ “ዓለም አቀፍ ፈቃድ አለኝ፤ ይበቃል?” ብሎ ጠይቋል። መልሱ አጭር ነበር፦ “ችግር የለም።”

ስህተቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም እዚያች የዓለም አቀፍ ፈቃድ ደብተር ላይ ተጽፈው ነበር።

ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ የሚባለው ራሱን የቻለ ፈቃድ አይደለም። ሰውየው በሚኖርበት ሀገር የያዘውን ፈቃድ ለሌላ ሀገር ፖሊስ የሚያስነብብ ትርጉም ነው። ከእናት ፈቃዱ ያልነበረ መብት አይጨምርም። ደብተሩ ውስጥ የተሽከርካሪ ምድቦች ተዘርዝረዋል፤ “ኤ” ሞተር ብስክሌት፣ “ቢ” ቀላል መኪና፣ ሌሎቹም ተራቸውን ይዘው። ማኅተም የሚያርፈው ሰውየው ፈቃድ ባለው ምድብ ላይ ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ አውስትራሊያ ውስጥ የሞተር ፈቃድ ኖሮት አያውቅም። ስለዚህ ማኅተሙ “ቢ” ላይ አርፏል፤ የ“ኤ” ሳጥን ባዶ ነው። እሱ ገጹን አይቶታል። “የሞተር ነገር እዚያ ላይ ተጽፏል፤ ይሄ ሁሉንም ይሸፍናል ብዬ ነው” አለኝ። የሳጥኑ ባዶነት ምን ማለት እንደሆነ የነገረው ሰው የለም፤ እሱም አልጠየቀም።

ሁለተኛው ስህተት ሽፋኑ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ነው። ይህኛው ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም የሞተር ፈቃድ ያለውን ሰው እንኳ ይጥላል። በዓለም ላይ በስፋት የሚሠሩ ሁለት የመንገድ ትራፊክ ስምምነቶች አሉ፦ በጄኔቫ መስከረም 19 ቀን 1949 የተፈረመውና በቪየና ኅዳር 8 ቀን 1968 የተፈረመው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እያንዳንዱ የራሱ ደብተር አለው፤ የየትኛው እንደሆነ ሽፋኑ ላይ ይታተማል። የ1949ኙ የሚያገለግለው ለ1 ዓመት ነው፤ የ1968ቱ እስከ 3 ዓመት ይሄዳል። አውስትራሊያ የምትሰጠው የ1949ኙን ብቻ ነው፤ አሜሪካ፣ ካናዳና ጃፓንም እንደዚሁ። ቬትናም በ2014 የተቀላቀለችው የ1968ቱን ነው፤ የምትቀበለውም የእሱን ደብተር ብቻ ነው። እንግሊዝ ሁለቱንም ስለምትሰጥ የእንግሊዝ ነዋሪ ትክክለኛውን መርጦ መምጣት ይችላል። የአውስትራሊያ ነዋሪ ግን ምርጫ የለውም፤ ለ20 ዓመት ሞተር ቢነዳም በአጭር የጉብኝት ቪዛ ቬትናም ሲገባ መንገድ ላይ ፈቃድ እንደሌለው ሰው ነው የሚታየው። የአውስትራሊያ መንግሥት ለተጓዦቹ በሚያወጣው ምክር ይህንን በግልጽ ጽፎታል። የቬትናምን ፈቃድ ለውጦ ማውጣት ቢቻልም ቢያንስ የ3 ወር ቪዛ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ የሚለወጠው ሰውየው ያለው ምድብ ብቻ ነው።

ለምን አላጣራም? መልሱ ቀላል ይመስለኛል። ከሁለት ዓመት በፊት ታይላንድ ሄዶ እንዲሁ ባለ ደብተር 10 ቀን ሞተር ነድቷል። ታይላንድ የ1949ኙን ትቀበላለች፤ የሱ ደብተር የሞተር ማኅተም ስለሌለው እዚያም አይሠራም ነበር፤ ግን ማንም አልጠየቀውም። ያልተያዘ ጥፋት እንደ ልምድ ተቆጠረለት። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ አደገኛው ይህ ነው እላለሁ።

ኬላው ላይ

ሃ ዛንግ የቬትናም ሰሜናዊ ጫፍ ነው፤ ከሃኖይ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሰው የሚሄደው ለመንገዱ ነው። ከከተማዋ ተነስቶ በኳን ባ፣ በየን ሚንና በዶንግ ቫን አድርጎ ሜዎ ቫክ የሚደርሰው ተራራማ መንገድ ከ1959 እስከ 1965 በሰው ጉልበት የተቆፈረ ነው፤ “የደስታ መንገድ” ይሉታል። የማ ፒ ሌንግ ገደል ላይ ሠራተኞቹ በገመድ ተንጠልጥለው ነው ድንጋዩን የፈለፈሉት። ከታች የኖ ኩዌ ወንዝ አረንጓዴ ክር መስሎ ይታያል። ይህንን የምጽፈው ለማስጎብኘት አይደለም። ዓይንን ከመንገድ የሚነጥቅ መንገድ መሆኑ ለኋላው ታሪክ ስለሚያስፈልግ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ኬላ ላይ አስቆሟቸው። አምስት ሆነው ነበር፤ ሦስቱ ከአስጎብኚዎች ኋላ ተቀምጠው፣ እሱና አንድ ሌላ ወጣት ብቻቸውን እየነዱ። ፖሊሱ ደብተሩን ተቀብሎ ውስጡን እንኳ አልገለጠም። ሽፋኑ ላይ ያለውን 1949 በጣቱ አሳይቶ ራሱን ነቀነቀ። የስልክ አስተርጓሚ አውጥተው ትንሽ ተነጋገሩ። የቅጣቱ ልክ በሕግ የታወቀ ነው፦ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሚሠራው ድንጋጌ ቁጥር 168 መሠረት እስከ 125 ሲሲ ሞተር ያለ ፈቃድ የነዳ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዶንግ ይቀጣል፤ ከ125 በላይ ከሆነ ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን። የሱ ሞተር 110 ሲሲ ነበረች። 3 ሚሊዮን ከፍሎ ደረሰኙን ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። ፖሊሶቹ ሞተሯን ሊይዟት ይችሉ ነበር። አስጎብኚው ለመናቸውና “እኛው እንነዳታለን” ብሎ አስለቀቃት። ከአስጎብኚዎቹ አንዱ ተፈናጦ ሁለት ኩርባ ያህል ነዳት። ከዚያ ወርዶ ቁልፉን መለሰለት።

“አንተስ ምን አልክ?” አልኩት።

“ምን እላለሁ ጋሼ? ቅጣቱን ከፍያለሁ። ደረሰኝ ይዣለሁ። ሌላ ኬላ ቢያጋጥመኝ ይሄንን አሳያለሁ አልኩ።”

በዚያ ምሽት በየእንግዳ ማረፊያው የሚሰማውም ይኸው ነበር፦ አንዴ ከተቀጣህ ለጉዞው ሁሉ ተገላገልክ፤ ቅጣቱን እንደ መንገድ ክፍያ ቁጠረው። አንዱ ደግሞ “በኢንተርኔት የ1968 ደብተር ይሸጣል፤ በአንድ ሰዓት በኢሜይል ይልኩልሃል” ብሎታል። እሱን እንኳ አልሰማም፤ ጥሩ አድርጓል። ዓለም አቀፍ ደብተር የሚሰጠው እናት ፈቃዱን የሰጠው ሀገር ወይም እሱ የወከለው ማኅበር ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ የሚሸጥ ሁሉ ተራ ወረቀት ነው፤ ለፖሊስ ከቀረበ ደግሞ ሐሰተኛ ሰነድ። የቅጣቱን ነገር ግን አምኖታል። ቅጣት ያለፈውን ነው የሚዘጋው፤ ስለ ነገ የሚለው ነገር የለም። ይልቁንም ደረሰኟ ከኪሱ ከገባች በኋላ “አላውቅም ነበር” የሚለው ቃል ከአፉ ተወሰደ።

ኩርባው

በማግስቱ ጠዋት ማ ፒ ሌንግን ተሻግረው ወደ ሜዎ ቫክ ሲወርዱ ነው የሆነው። አልጠጣም፣ አልፈጠነም፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መንገዱ ደረቅ ነበር።

ሞተሯ ፍሪሲዮን የሌላት፣ ማርሿ በእግር የሚለወጥ ዓይነት ናት። ቁልቁለቱን በ4ኛ ማርሽ ይወርዳል፤ ፍጥነቱን የሚይዘው በኋላ ፍሬን ብቻ ነው፤ ቀኝ እግሩ ፔዳሉ ላይ ተጭኖ ቀርቷል። የፊት ፍሬን ይገለብጣል ብለው ነግረውታል። መንገዱን ያወቀ ሰው በ2ኛ ማርሽ ነው የሚወርደው፤ ሞተሩ ራሱ ይይዝለታል፣ ፍሬኑም አይግልም። ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ኩርባ ላይ ሲደርስ ፍሬኑ ለሰሰበት። ደንግጦ ኩርባው መሃል ላይ የፊቱንም ጨምሮ ያዘ። ታጥፋ የምትሄድ ሞተር መሃል ላይ ፍሬን ሲያዝባት ትቃናለች፤ የተቃናች ሞተር ደግሞ ኩርባውን ትታ ቀጥ ትላለች። በቬትናም የሚነዳው በቀኝ በኩል ነው፤ በቀኝ ኩርባ ላይ ቀጥ ማለት ከፊት በሚመጣው መስመር ውስጥ መግባት ነው። በዚያ ላይ የ9 ዓመት ልማዱ በግራ መንዳት ነው። ከፊቱ ሞተር ሲመጣ እጁ ወደ ግራ ሸሸ። እሳቸው ደግሞ በራሳቸው ቀኝ፣ ማለት በሱ ግራ፣ ጥግ ይዘው ነበር የሚወጡት።

እሳቸው የምላቸው ከኋላቸው የሣር ሸክም አስረው ዳገቱን ይወጡ የነበሩ በ50ዎቹ ውስጥ ያሉ እናት ናቸው። የግራ ክንዳቸው ተሰበረ። የሱ የቀኝ ቅልጥም ሁለት ቦታ ተሰበረ። ራሱን አልተጎዳም፤ ከአከራዩ የተሰጠውን ስስ የፕላስቲክ ሄልሜት ትቶ ከተማው ውስጥ ደህናውን ገዝቶ ነበር። ሄልሜት በሞተረኞች ላይ የሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ግምገማ አሳይቷል። በቬትናም ከታኅሣሥ 15 ቀን 2007 ጀምሮ በሁሉም መንገድ ላይ ግዴታ ነው። በሱ ሄልሜት ጎን ላይ ያለው ጭረት አውራ ጣት ያስገባል።

መንጃ ፈቃድ ስንል ብዙ ጊዜ ስለ ወረቀት ነው የምናወራው። እዚያ ኩርባ ላይ የጎደለው ግን ወረቀት አልነበረም። በማርሽ መውረድ፣ ሁለቱን ፍሬን አመጣጥኖ መያዝ፣ ከኩርባው በፊት ፍጥነት መቀነስ፣ ዓይንን ወደ መውጫው መላክ፤ አንድም ቀን ያልተማራቸው ነገሮች ናቸው። መኪና መንዳት ምንም አላገዘውም፤ እንዲያውም የጎዳው ይመስለኛል። መንገድ የማያውቅ ሰው ይፈራል፤ እሱ ግን መንገድ አውቃለሁ ብሎ ነው የወጣው።

ሁለት ሆስፒታሎችና አንድ ፓስፖርት

መጀመሪያ የደረሰበት ሆስፒታል እግሩን በስፕሊንት አስሮ ደሙን ተከታተለ፤ ቀዶ ሕክምናው ሃኖይ ይሻላል አሉት። በአምቡላንስ ሌሊቱን ተጓዘ። ሃኖይ ሲደርስ የቅድሚያ ክፍያና ፓስፖርት ተጠየቀ። ፓስፖርቱ አከራዩ ጋ ነው። ለዋስትና ብሎ የያዘው አከራዩ ነው፤ አሁን ደግሞ ሞተሯ ካልተከፈለች አልመልስም አለ። ሞተሯ ፖሊስ ጣቢያ ናት።

እኔ ስልኩን ያነሳሁት በዚህ ሰዓት ነው። አክስቴ ደውለው “ልጄን ፓስፖርቱን ቀምተውታል አሉኝ፤ እባክህ አንድ ነገር አድርግ” አሉኝ። እውነቱ ራሱ ሰጥቶ ነው፤ ለእሳቸው ግን ያንን ማስረዳት አልሞከርኩም። ሁለት ቀን ስንከራከር ቆየንና ለሞተሯ ጥገና 9 ሚሊዮን ዶንግ ተልኮ ፓስፖርቱ በአውቶቡስ መጣ። አከራዩም ንጹሕ አልነበረም፤ ብቃት ለሌለው ሰው ሞተር የሰጠ ባለንብረት በዚያው ድንጋጌ ከ8 እስከ 10 ሚሊዮን ዶንግ ይቀጣል። ይህንን ጠቅሼ ብጽፍለት መልስ አልሰጠኝም፤ የጥገናውን ዋጋ ግን ከ14 ወደ 9 አወረደው። ፓስፖርት በመያዣነት እንደማይሰጥ፣ ቢበዛ ጥሬ ገንዘብ እንደሚያዝ ከዚያ ወዲህ ላገኘሁት ሁሉ እናገራለሁ።

ቅልጥሙ ላይ ብረት ገባ። ሂሳቡን የከፈለው ቤተሰቡ ነው፤ የኢንሹራንሱ የእርዳታ መስመር መጀመሪያ ቀን ያለው “ሽፋኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ራስዎ ይክፈሉ” ነበር። የአውስትራሊያ የሕዝብ ጤና መድን የጋራ ስምምነት ያለው ከጥቂት ሀገሮች ጋር ነው፤ ቬትናም ከነሱ ውስጥ የለችም።

የእናትየው ክንድ

ከፋይሉ ውስጥ በጣም ያስቸገረኝ ይህ ክፍል ነው፤ ስለ ገንዘብ ብቻ ስላልሆነ። ቃለ ጉባኤው ጥፋቱን ያለ ጥርጥር ወደሱ አድርጎታል፤ መስመር ለቋል፣ ፈቃድ የለውም።

በቬትናም የሚነዳ ሞተር ሁሉ አስገዳጅ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። ዓመታዊ ክፍያው ከ50 ሲሲ በላይ ላለ ሞተር 60 ሺህ ዶንግ ነው፤ ለተጎጂ የሚከፍለው ደግሞ በአንድ ሰው እስከ 150 ሚሊዮን ዶንግ ይደርሳል። የተከራያት ሞተርም ነበራት። ሆኖም የ2023ቱ ድንጋጌ ቁጥር 67 ነጂው ፈቃድ ከሌለው ይህ ሽፋን እንደማይሠራ ይደነግጋል። ስለዚህ ለእናትየው የተዘጋጀው ገንዘብ የተዘጋባቸው እሱ ስለነዳ ነው። ይህንን ስነግረው ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

የሀገሪቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአካል ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው የሕክምናውን ወጪ፣ የቀረበትን ገቢና የአስታማሚውን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። የሞራል ካሳም አለው። የተስማሙት ፖሊስ ባለበት፣ ልጃቸውና አስጎብኚው ተቀምጠው ነው፤ 40 ሚሊዮን ዶንግ፣ በሁለት ጊዜ። የወንጀል ነገር አልተነሳም፤ ጉዳቱ የሕጉን ደረጃ አልደረሰም። ቢደርስ ኖሮ መልኩ ይቀየር ነበር። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 260 ሰው የሞተበት አደጋ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል፤ ነጂው ፈቃድ ከሌለው ግን ክልሉ ከ3 እስከ 10 ዓመት ይሆናል። በ2014 የወጣው የውጭ ዜጎች ሕግ ደግሞ ተጠርጣሪ የሆነ ወይም በፍትሐ ብሔር ክርክር ግዴታ ያለበት የውጭ ሰው ከሀገር እንዳይወጣ ለማገድ ይፈቅዳል። የሁለቱ መንገድ ልዩነት እዚያ ኩርባ ላይ አንድ ሜትር ቢሆን ነው።

የኢንሹራንሱ ደብዳቤ

በሦስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ፤ ሁለት ገጽ። ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም። ምክንያቱ አንድ፦ በሚነዳበት ሀገር ሕግ የሚጸና ፈቃድ አልነበረውም። ምክንያቱ ሁለት፦ በሚኖርበት ሀገርም ለሞተር ብስክሌት ፈቃድ የለውም። ተጨማሪ የከፈለበት የሞተር ሽፋንስ? ሽፋኑ እውነት ነው፤ ግን በእነዚህ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ላይ የቆመ ነው። ሳጥኑን የመረጠበት ገጽ ላይ ዋጋው ነበር፤ ቅድመ ሁኔታው ያለው በውሉ 38ኛ ገጽ ላይ ነው። ይህ አቀራረብ ያናድደኛል፤ ሕገ ወጥ ነው ግን ማለት አልችልም።

ደረሰኟም ተጠቅሳለች፤ “ከአደጋው አንድ ቀን በፊት በፖሊስ የተነገረዎት በመሆኑ” ይላል። ማን ሰጣቸው? ራሱ ነው። ቅጹ “ከፖሊስ የተቀበሏቸውን ሰነዶች ሁሉ ያያይዙ” ስለሚል ሁሉንም አያይዟል። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል። አንዳንድ ዘመዶች “ምን አስቀባጠረው?” አሉ። እኔ አልስማማም፤ ቅጣቱ በፖሊስ ቃለ ጉባኤው ውስጥም አለ፤ መደበቅ ውድቅ የሆነን ጥያቄ ወደ ማጭበርበር ያሸጋግር ነበር። ውድቅ ለማድረግም ደረሰኟ አታስፈልግም ነበር፤ ሁለቱ ምክንያቶች ይበቃሉ። እሷ የወሰደችብን በቅን ልቦና ተሳስቷል ብሎ ለመለመን ያሰብነውን በር ነው።

ሌላ አንድ በር ግን ነበር። በአውስትራሊያ የ1984ቱ የኢንሹራንስ ውሎች ሕግ አንቀጽ 54 የሚባል አለ። ውል ውስጥ ያለ ማግለያ (ኩባንያው “ይህ ከሆነ አልከፍልም” የሚልበት ሁኔታ) ቢጣስም፣ ጥሰቱ ለጉዳቱ ምንም አስተዋጽኦ እንዳላደረገ ባለ ፖሊሲው ካስረዳ ኩባንያው በዚያ ምክንያት ብቻ መከልከል አይችልም። ለምሳሌ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ ከኋላ መኪና ቢገጨው፣ ፈቃድ ቢኖረውም ባይኖረውም ያው ይገጨው ነበር ብሎ መሟገት ይቻላል። ይህንን ሳነብ ሌሊት ተነስቼ ቃለ ጉባኤውን እንደገና ገለጥኩት። ቁልቁለት፣ 4ኛ ማርሽ፣ ኩርባ መሃል ላይ የተያዘ ፍሬን፣ የተለቀቀ መስመር። ሥልጠና አለመውሰዱ ለጉዳቱ አስተዋጽኦ አላደረገም ብሎ ማን ያስረዳል?

ለኩባንያው የውስጥ ቅሬታ ሰሚ ጻፍን፤ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መመለስ ስላለበት በ26ኛው ቀን ያንኑ መልስ በሌላ ቃል ላኩልን። ከዚያ በላይ ለተጠቃሚ በነጻ የሚያይ የፋይናንስ ቅሬታዎች ባለሥልጣን አለ። ማመልከቻውን አዘጋጅቼለት ነበር። ላለማቅረብ የወሰነው እሱ ነው፤ “የማላምንበትን ነገር እየጻፍክልኝ ነው ጋሼ” አለኝ። እውነቱን ነበር።

ምን ሊደረግ ይችል ነበር

ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ በአጭሩ። ከአስጎብኚ ኋላ ተቀምጦ መሄድ ይችል ነበር፤ ሦስቱ ጓደኞቹ እንዳደረጉት። እዚያም ቢሆን ውሉ “የሚነዳህ ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል” ሊል ስለሚችል የአስጎብኚውን ፈቃድ ፎቶ ማንሳት ነው። እስከ 50 ሲሲ ያለ ሞተር ወይም እስከ 4 ኪሎዋት ያለ የኤሌክትሪክ ሞተር በቬትናም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ፖሊስ አይቀጣውም፤ የኢንሹራንሱ ሁለተኛ ቅድመ ሁኔታ ግን እንዳለ ይጠብቀዋል፤ እነዚያን ዳገቶች ይወጣል ብዬም አልመክርም። መኪና ከነሹፌሩም ይከራያል። በሌላ ሀገር ለሚነዳ ሰው ደግሞ ማየት ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ እናት ፈቃዱ ላይ ያለው ምድብ፣ ደብተሩ ሽፋን ላይ ያለው ዓመት፣ የኢንሹራንሱ ውል ውስጥ “ፈቃድ” የሚለው ቃል ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ። አከራዩን መጠየቅ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። አከራዩ “ችግር የለም” ሲል አልዋሸም፤ የሚያወራው ስለ ራሱ ነው።

አሁን ያለበት

ለእናትየው ሁለተኛው ክፍያ በሰዓቱ ተልኳል። ክንዳቸው እንደዳነ ልጃቸው በአስጎብኚው በኩል ጽፎልናል፤ የእጃቸው አንጓ ግን እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ አይዞርም። ለቤተሰብ ያለበትን ብድር በየወሩ ይመልሳል። ቅልጥሙ ውስጥ ያለው ብረት አልወጣም፤ ሐኪሙ ካላስቸገረው ይቆይ ብሏል።

ከአደጋው 11 ወር በኋላ በሚኖርበት ክፍለ ሀገር ለጀማሪዎች የሚሰጠውን የሞተር ሥልጠና ተመዘገበ። አክስቴ ሲሰሙ ሁለት ቀን አላናገሩትም። በመጀመሪያው ቀን ምሽት መልእክት ላከልኝ፦ “ጋሼ፣ ዛሬ ፍጥነት ኩርባው ሳይደርስ እንጂ ኩርባው ውስጥ እንደማይቀነስ ተማርን። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።”